ንቅሳት ሲቆጣ፦ ከቅባቱ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ

ንቅሳቱ የተቆጣበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ያሳይና "ያሳክከኛል፣ ቅባት ስጡኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ያለበት ቱቦ ነው። ችግሩ አለርጂ ከሆነ ተሳካለት። ኢንፌክሽን ከሆነ ግን ቅባቱ የቆዳውን መከላከያ ያዳክማል፤ ማሳከኩና መቅላቱ ለሁለት ሦስት ቀን ጋብ ሲል ጀርሙ ከሥር ይስፋፋል። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ሲቀባ ሲቀባ ከርሞ፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ቁስሉ መልኩን ለውጦ ለመለየትም ያስቸግራል።

ስለዚህ ቱቦው ከመከፈቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመለስ። ከተነቀሱ ስንት ቀን ሆነዎት? የተቆጣው ንቅሳቱ በሙሉ ነው ወይስ አንዱ ቀለም ብቻ? የቁጣው ዳርቻ ምን ቅርጽ አለው? አብዛኛው ችግር በእነዚህ ሦስቱ ይለያል።

ጤነኛው ቁስል

አዲስ ንቅሳት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ በመርፌ ብዙ ሺህ ጊዜ የተወጋ ቁስል ነው። ቀለሙ የሚቀመጠው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እስከ 3ኛው ቀን ድረስ ማበጡ፣ መሞቁ፣ ደምና ቀለም የቀላቀለ ቀጭን ውሃ ማውጣቱ ያለ ነው። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 2 ሳምንት ድረስ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይላላጣል፣ ያሳክካል። የሚረግፈው ቆዳ ቀለም ይዞ ስለሚወርድ ብዙዎች ንቅሳቱ የጠፋ መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ አልጠፋም። ላዩ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይገጥማል፣ ውስጡ ግን 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል። መለኪያው አንድ ነው፦ ዛሬ ከትናንት ትንሽም ቢሆን መሻል አለበት። ከ3ኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ከጨመረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በመጻሕፍትና በኢንተርኔት የሚታየው "ቀይ" አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ቆዳ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ያው መቅላት ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። የእጅዎን ጀርባ ንቅሳቱ ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ከሌላኛው ክንድ ጋር ያወዳድሩ። ከዚያ በጣትዎ ዙሪያውን ሲጫኑ ጠጠር ያለው ሥፍራ የት እንደሚያበቃ ይፈልጉ።

አጠባበቁ ቀላል ነው። እጅዎን ይታጠቡ፤ ንቅሳቱን በቀን 2 ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ሳይፈትጉ ይጠቡት፤ በፎጣ ሳይሆን በንጹሕ ሶፍት ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁት። ፎጣ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ስለሚሰቀል ጀርም ያራባል። ውሃው ከሮቶ የሚቀዳ ከሆነ ለመጀመሪያው ሳምንት አፍልቶ ማቀዝቀዙ ይሻላል። ከዚያ ቫዝሊን በስሱ፣ ቆዳው እንዲያብረቀርቅ ያህል ብቻ። ወፍራም ሽፋን ቁስሉን አፍኖ ያረጥበዋል፣ ቅርፊቱንም ያላቅቀዋል። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ማር፣ ነጭ ሽንኩርት አይቀባም፤ ነጭ ሽንኩርት በራሱ ቆዳ ያቃጥላል። አልኮልና ዴቶልም በየቀኑ ሲቀቡ የሚድነውን ሥጋ ይገድላሉ። ዋና፣ ፍል ውሃ፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ለ3 ሳምንት ይቅር። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ቁስሉ እስኪገጥም ይቆዩ። ሲያሳክክ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ይቻላል፤ በጥፍር መቧጨር ግን ቀለሙን ያነሳል፣ ጠባሳም ያተርፋል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው

ከ3ኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ከበረታ፣ ሙቀቱ ከጨመረ፣ ቢጫ መግል ከያዘ፣ ሽታ ካለው ኢንፌክሽን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ወይም ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከራስ ቆዳ፣ ከነቃሹ እጅ ወይም ካልጸዳ ዕቃ ይገባሉ። የቁጣውን ዳርቻ በእስክሪብቶ ይክበቡትና አጠገቡ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ መጠኑን ለማነጻጸር ይረዳል። በማግስቱ ቁጣው መስመሩን ተሻግሮ ካገኙት ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሌላ ምልክት አይጠብቁ።

በፀጉር ሥር የወጡ ጥቂት መግል የያዙ ብጉሮች ብቻ ከሆኑ ማጠቡን ቀጥሎ ሙፒሮሲን 2 በመቶ ወይም ፉሲዲክ አሲድ 2 በመቶ ቅባት በቀን 3 ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሰፋ ኪኒን ያስፈልጋል። ለአዋቂ የተለመደው በሐኪም ትእዛዝ ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በባዶ ሆድ፣ ለ7 ቀን ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ክሎክሳሲሊንም የዚያው ቤተሰብ ነው። እቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አንስቶ መዋጥ ደግሞ አይሠራም፦ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ አሞክሳሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። መድኃኒቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካላመጣ ተመልሰው ይታዩ፤ መግሉ ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ለመመርመር፣ ይወሰድና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል። ቋጥሮ የተጠራቀመ መግል ካለ ኪኒን ብቻውን አያወጣውም፤ ሐኪም ከፍቶ ያፈሰዋል። እቤት በመርፌ መውጋትና መጭመቅ ጀርሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከንቅሳቱ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት፣ ከቁስሉ መጠን በላይ የሆነ ሕመም፣ ቆዳው መጥቆር ወይም ውሃ መቋጠር፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ስኳር ያለበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው እነዚህን ምልክቶች እስኪያይ አይጠብቅ፤ ቁጣው መስፋት እንደጀመረ ይታይ።

መርፌው ለሌላ ሰው ያገለገለ ከሆነ፣ ወይም እንደ ድሮው በአንድ እሾህ ብዙ ሰው ከተነቀሰ፣ ዋናው ጉዳይ ቆዳው አይደለም። ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ካለፈ አይሰጥም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ሰው በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀምር ይመረጣል። ምርመራው በዕለቱ፣ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደገማል፤ ለሄፓታይተስ ሲ እስከ 6 ወር ይቆያል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ 10 ዓመት ካለፈ፣ ቁስሉ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ካለፈ ይደገም።

ከ1ኛው ሳምንት በኋላ የሚወጣ ብጉር

ንቅሳቱ ደህና ሲድን ቆይቶ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ጥላ ለመስጠት ግራጫ በተቀባበት ሥፍራ ብቻ፣ ትንንሽ ጠንካራ ብጉሮች ይወጣሉ። ብዙም አያምም። አለርጂ ይመስላል፣ ስቴሮይድ ይቀባበታል፣ ይብሳል። ይህ ከሳንባ ነቀርሳ ጀርም ጋር የሚዛመዱ፣ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ማይኮባክቴሪያዎች ሥራ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ ሮቼስተር፣ ኒው ዮርክ 19 ሰዎች እንዲህ ሆነው ሲመረመሩ ማይኮባክቴሪየም ቼሎኔ ተገኘ፤ ምንጩም አስቀድሞ ተበርዞ የመጣ ግራጫ ቀለም ነበር። ግራጫ የሚገኘው ጥቁሩን በውሃ በማቅጠን ነው፤ ውሃው ካልጸዳ ጀርሙን በቀጥታ ከቆዳ ሥር መክተት ነው።

እዚህ ላይ ነቃሾች የሚሳሳቱት በሃይላንድ ውሃ ነው። የታሸገ ውሃ ለመጠጥ ይሁን እንጂ ስቴራይል፣ ማለትም ከማንኛውም ጀርም የጸዳ፣ አይደለም። ቀለም የሚበረዘው ለመርፌ መበጥበጫ በሚያገለግለው ስቴራይል ውሃ ብቻ ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ፋርማሲ ይገኛል፣ ዋጋውም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ደንበኛውም ቀለሙ ሲበረዝ ቢጠይቅ ነውር የለውም። ሕክምናው ናሙና ተቆርጦ ከተመረመረ በኋላ እንደ ክላሪትሮማይሲን ባሉ መድኃኒቶች ለወራት የሚቆይ ነው። ለሐኪሙ "ግራጫው ላይ ብቻ ነው" ብሎ መናገር ብዙ ልፋት ያሳጥራል፤ የተለመደው የመግል ካልቸር ይህን ጀርም ብዙ ጊዜ አያሳይምና።

አንድ ቀለም ብቻ ሲነሳ

ክንድ ላይ የተነቀሰ ጽጌረዳ ያስቡ። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ግንዱ ጥቁር፣ አበባው ቀይ። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ አበባው ብቻ እንደቦካ ሊጥ ከፍ ይላል፣ ይደድራል፣ በተለይ ማታ ማታ ያሳክካል። ቅጠሉንና ግንዱን ቢዳስሱት ግን ልሙጥ ነው። ዳርቻው ቀዩ የሚያበቃበት ላይ ቀጥ ብሎ ያበቃል። ይህ የቀለም አለርጂ ነው፤ ቀይ ከሁሉም ቀለም ይልቅ ደጋግሞ ያመጣዋል። ድሮ በቀይ ውስጥ የሜርኩሪ ውሁድ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው አዞ የሚባለው የቀለም ወገን ነው፣ እሱም በፀሐይና በሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ የሚያስቆጡ ነገሮችን ይለቃል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 4 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ከ4000 በላይ ኬሚካሎችን የገደበው በዚህና በመሳሰለው ምክንያት ነው። ጠርሙሱ ላይ አምራቹ፣ የቀለሙ ቁጥርና የምርት መለያው ካልተጻፈ ምን እንደገባብዎ በኋላ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በሚነቀሱበት ዕለት የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ ያንሱ።

ከጀርባ ላይ ኬሚካል ተለጥፎ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። "ምርመራው ነጻ ነው" ተብሎ አለርጂ አይደለም ማለት አይቻልም። ከእሱ ይልቅ ናሙና ይጠቅማል።

ለሕክምናው ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ በቀን 2 ጊዜ፣ ከተነሳው ቀለም ሳያልፍ፣ ቢበዛ ለ2 ሳምንት ይቀባል። ልኩ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ቅባት ሲሆን ይህ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ፊት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ አይቀባም። ወር ሙሉ ቢቀቡት ቆዳው ይሳሳል፣ ዙሪያውም ነጣ ብሎ ይቀራል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ይህ ነጣ ያለ ክብ ከንቅሳቱ በላይ ጎልቶ ይታያል። ለማሳከኩ ሴቲሪዚን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ያስታግሳል፤ እብጠቱን ግን አያወርደውም። የወፈረው ቅባት አያሳልፍም፣ ስለዚህ የቆዳ ሐኪም ትሪያምሲኖሎን የሚባል ስቴሮይድ ውስጡ ይወጋበታል፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይደጋገማል። መርፌው ሲቆም የሚመለስም ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ቀለሙ እዚያው አለ። ያን ጊዜ የሚሻለው ቀለሙን የያዘውን ቆዳ በቀዶ ሕክምና ስስ ስስ አድርጎ መላጥ ወይም ቆርጦ ማውጣት ነው።

ሌዘር ግን አይሆንም። ለማንኛውም ንቅሳት ማጥፊያ የሚመከረው መሣሪያ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፦ ቀለሙን ሰባብሮ በመላ ሰውነት ስለሚበትነው ቁጣው ከክንድ ወደ መላ አካል ሊዛመት፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽ እስከሚያሳጥር ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ቢጫ ፀሐይ ሲነካው ብቻ የሚያብጥ ከሆነ ካድሚየም የሚባል ብረት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ በልብስ መሸፈን ይበቃዋል። በሙቀት ወይም ስፖርት ሲሠሩ ለጥቂት ሰዓት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚወርድ ንቅሳትም አለ፤ ይሄ ሕክምና አይፈልግም።

ጥቁሩ ሲነሳ ጉዳዩ ሌላ ነው። በተለይ የተለያዩ ዓመታት ላይ የተሠሩ ጥቁር ንቅሳቶች በአንድ ሰሞን አብረው ካበጡ፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መቅላትና ሕመም ካለ ሳርኮይዶሲስ የሚባለው የውስጥ በሽታ በንቅሳቱ በኩል ራሱን እያሳየ ሊሆን ይችላል። የደረት ራጅና የዓይን ምርመራ ይታዘዛል። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ነቀርሳ አለመሆኑ በናሙና መረጋገጥ አለበት፤ በማይክሮስኮፕ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

አራት ማዕዘን ከሆነስ?

ሽፍታው ከንቅሳቱ አልፎ ቀጥ ባለ ጠርዝ ካቆመ ጥፋተኛው ቀለሙ አይደለም፤ ንቅሳቱን ለመሸፈን የተለጠፈው ፕላስቲክ ነው። ተነቅሎ ይጣል፣ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ንቅሳቱን ሳይነካ ዙሪያውን ለጥቂት ቀን ይቀባ። ቅባት የደረሰበትን ሁሉ ተከትሎ ከወጣ ደግሞ ቅባቱ ነው፤ ኒዮማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ያለባቸው ለዚህ የታወቁ ናቸው። ወደ ተራ ቫዝሊን ይመለሱ።

ጥቁር ሂና

ሂና መርፌ የለውምና ብዙዎች ከችግር ነጻ አድርገው ያዩታል። እውነተኛው ሂና ነው፤ ቅጠሉ ተፈጭቶ ሲለወስ አረንጓዴ ቡናማ ነው፣ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ይቆያል፣ ሲነሳ ብርቱካናማ ይሆንና በ1 ወይም 2 ቀን ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ሂና የለም። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንደ ቀለም የጠቆረ፣ የኬሚካል ሽታ ያለው ከሆነ የፀጉር ቀለም ገብቶበታል፤ በውስጡ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። በዓረብ አገራትም ሆነ እዚህ ለሠርግ እንዲደምቅ ተብሎ ይቀላቀላል። በአውሮፓ ፒፒዲ ለፀጉር ቀለም ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኖ ሲፈቀድ ለቆዳ ጨርሶ ተከልክሏል።

መጀመሪያ ጊዜ የተቀባ ሰው ቁጣው እስከ 2 ሳምንት ሊዘገይበት ይችላል፤ ድሮ የነካው በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይይዘዋል። የአበባው ሥዕል መስመር በመስመር ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይጠቡት፣ ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ። ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት 400 ሚሊ ግራም የሆነች አንዲት ፍሬ በ4 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ መልኩ ቀለል ያለ ሮዝ ይሁን፣ ወይን ጠጅ ከሆነ በዝቷል፣ ያቃጥላል። ጨርቅ ነክረው ለ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ያሳርፉበት፤ ጥፍርና ልብስ ያቀልማል። ሲደርቅ ጠንካራ ስቴሮይድ ቅባት ለ1 ሳምንት ያህል ይከተላል፣ ከበረታ ሐኪም ኪኒን ያዛል። ከዳነ በኋላ ሥዕሉ ነጣ ብሎ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያ ሰው ጥቁር የፀጉር ቀለም መቀባት የለበትም። ሴቶች ከዓመታት በኋላ ፀጉራቸውን ሲቀቡ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው እስኪጨፈን የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ልጅ ሳሉ በተቀቡት ጥቁር ሂና ነው። ለጥርስ ሐኪምም ይነገር፤ ቤንዞኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ከፒፒዲ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

ኬሎይድ

ጥቁር ቆዳ ኬሎይድ ለሚባለው ያበጠ ጠባሳ ይቀርባል፤ በተለይ ደረት፣ ትከሻ፣ የጆሮ ጫፍ ላይ። ከቤተሰብ ያለበት ወይም ጆሮው ሲበሳ ያበጠበት ሰው እነዚህን ሥፍራዎች ባይነቀስ ይሻላል። ተራ ጠባሳ በቁስሉ ልክ ይቆማል፤ ኬሎይድ ግን ከ3 ወር ገደማ በኋላ ዳርቻውን አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ ያድጋል፣ ያሳክካል፣ ይወጋል። ገና ለስላሳ ሳለ ከታየ ትሪያምሲኖሎን በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይወጋል። የሲሊኮን ልጥፍ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ለ3 ወር ይረዳል፤ ሕመምም የለው። ያለሌላ ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ አድርጎ ይመልሰዋል።

የአንገትና የግንባር ንቅሳት ማጥፋት

የእናቶቻችን ንቅሳት ቀለሙ ጥላሸት፣ ማለትም ካርቦን ስለሆነ አለርጂ እምብዛም አያመጣም። ችግር የሚመጣው ሲያስጠፉት ነው። በአሲድ፣ በጨው ፈትጎ ወይም በጋለ ብረት የጠፋ ንቅሳት በቦታው ጠባሳ ይተካል፤ አንገት ላይ ሲሆን ኬሎይድም ይሆናል። በሌላ በኩል ጥላሸት ለሌዘር ከሁሉ የቀለለ ነው። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኪው-ስዊችድ ኤንዲ-ያግ የሚባለው ሌዘር፣ የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖ ሜትር የሆነው ነው፤ የላይኛውን ቆዳ ቀለም ብዙም ሳይነካ ወደ ውስጥ ያልፋል። የሩቢና የአሌክሳንድራይት ሌዘር ግን ቆዳውን ራሱን ያነጣል። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አይጋደሙ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ትንሽ ሥፍራ ላይ ብቻ ተሞክሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፤ ሥፍራው ሳይነጣና ሳያብጥ ከዳነ ቀሪው ይሠራል። በመካከሉ ፀሐይ አይንካው።

በሮዝ፣ በነጭ ወይም በቆዳ መልክ የተነቀሰ ከንፈርና ቅንድብ ሌዘር ሲነካው በቅጽበት ሊጠቁር ይችላል፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም መልኩን ይለውጣል። እሱም በአንድ ነጥብ መሞከር አለበት። አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል፣ ወሎ ላይ ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሕክምና አላቸው፤ ሲሄዱ የሚጠቀሙባቸውን ቅባቶች በሙሉ ከነቱቦአቸው፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ያነሷቸውን ፎቶዎችም ይዘው ይሂዱ።